ከበሽታው ጋር የሚኖሩት ሲበዙና ሲያንሱ፦ ስለ አንድ ስሌት የቀረበ ሂስ

እ.ኤ.አ. በ2012 የኤም.ዲ. አንደርሰን ካንሰር ማዕከል ተመራማሪዎች ስለ ክሮኒክ ማይሎይድ ሉኬሚያ ያወጡት ስሌት እስከ ዛሬ ተደጋግሞ ይጠቀሳል። በስሌቱ መሠረት በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2010 ወደ 70,000 ይጠጉ የነበሩት ከበሽታው ጋር የሚኖሩ ሰዎች በ2050 ወደ 180,000 ይደርሳሉ። በየዓመቱ አዲስ የሚያዙት ግን ከመቶ ሺህ ሰው አንድ ወይም ሁለት ብቻ ናቸው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ኢማቲኒብ እ.ኤ.አ. በ2001 ከመፈቀዱ በፊት ከሕሙማኑ በየዓመቱ ከ10 እስከ 20 በመቶ ይሞቱ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ወደ 2 በመቶ ወርዷል። ከሥሩ የሚያፈስ ጋን ቀዳዳው ሲደፈን እንደሚሞላ ሁሉ፣ ቁጥሩ ያደገው በሽታው ስለበዛ ሳይሆን ሰው መሞት ስላቆመ ነው። ስሌቱ መነሻውን ሳይሸሽግ ያስቀመጠ ሥራ ነው። ቅሬታዬ ውጤቱ «ጫና» ተብሎ በሚነበብበት መንገድ ላይ ነው። በዚህ አነጋገር የዳነ ሰው ሸክም ይሆናል፤ የሞተው ከሠንጠረዡ ይወጣል፤ ሕሙማኑ ቶሎ የሚሞቱበት አገር ደግሞ ጫናው የቀለለለት ይመስላል።

ከጎንደር ሆኖ ይህን ሠንጠረዥ ለሚያነብ ሐኪም ችግሩ ይከብዳል። ዓለም አቀፉ የግሎቦካን ግምት ሉኬሚያን ሁሉ በአንድ ረድፍ ያጠቃልላል። በሕዝብ ላይ የተመሠረተው የአዲስ አበባ የካንሰር ምዝገባ ሥራውን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሆን የሚመዘግበው የከተማዋን ነዋሪዎች ነው። የጃናሞራ ገበሬ በዚያ መዝገብ የለም።

መዝገብ ከመድረሱ በፊትም ጣፊያው ያሳስተናል። ከደባርቅና ከዳባት ደጋ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ ወርዶ የተመለሰ ወጣት ጣፊያው አብጦ፣ ከስቶና አልቦት ሲመጣ አስቀድሞ የሚታሰበው ካላዛር፣ ቀጥሎም ወባ ነው። መታሰቡም ትክክል ነው። ነገር ግን ካላዛር ቀዩንም ነጩንም የደም ሴል፣ ፕሌትሌትንም ዝቅ ያደርጋል፤ በክሮኒክ ማይሎይድ ሉኬሚያ ነጩ ብዙ ጊዜ በማይክሮሊትር ከ100,000 ያልፋል፣ በደም ስላይድ ላይም በየደረጃው ያሉ ያልበሰሉ ሴሎች ይታያሉ። የአርኬ 39 ምርመራ ነጻ ሆኖ ሳለ የደም ቆጠራው ሳይታይ ወደ ቤቱ የተሸኘ ሕመምተኛ በየትኛውም ስሌት አይገባም። ስላይድ ማንበብ ደግሞ (ይህን ለላቦራቶሪ ባልደረቦቻችን መንገር አያስፈልግም) ከማይክሮስኮፕና ከቀለም ብዙ የራቀ ወጪ የለውም።

ስሌቱ የማይለካው ሌላም ነገር አለ፤ ዕድሜ። በባለጸጋ አገሮች በሽታው በአብዛኛው በ60 ዓመት ገደማ ይታወቃል፤ በአፍሪካ የሚታዩት ሕሙማን ግን ብዙዎቹ በ40 ዓመት ዙሪያ ያሉ፣ ልጅ የሚያሳድጉና የሚያርሱ ናቸው።

ኢማቲኒብ እ.ኤ.አ. በ2015 በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ገብቷል። በአገራችን በእርዳታ መርሐ ግብር በነጻ ለብዙ ዓመታት ይሰጥ የነበረው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሲሆን፣ ከጎንደር በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። በሽታውን ለማረጋገጥ የሚያስፈልገውን የቢሲአር-ኤቢኤል ምርመራ ለሳንባ ነቀርሳ በምንጠቀምበት የጂን ኤክስፐርት ማሽን መሥራት ይቻላል፤ የሚለየው ካርትሬጁ ነው፣ የሚያከራክረውም ማን ይግዛው የሚለው ነው።