አደራና ዕዳ፦ ለተማሪዎች በሚሰጡ የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያዎች የአጠባበቅ ደንብ ላይ የቀረበ ሂስ

1. መነሻ

ትምህርት ቤት ንብረቱን ለተማሪ ማዋስ የጀመረው ዛሬ አይደለም። በመስከረም የመማሪያ መጽሐፍ ይታደላል፤ ተማሪው በስሙ ትይዩ ይፈርማል፤ በሰኔ ይመልሳል፤ የጠፋበት ወይም የቀደደ ዋጋውን ይከፍላል። ይህ አሠራር መምህሩም፣ ወላጁም፣ የንብረት ክፍል ሠራተኛውም በሚገባ የሚያውቁትና በአብዛኛው እንደ ተገቢ ተቆጥሮ የኖረ ነው። ይህም የሆነበት ምክንያት የመጽሐፍ ጉዳት በዓይን የሚታይ፣ መንሥኤውም ለማወቅ የማያዳግት፣ ዋጋውም የቤተሰብን ኑሮ የማያናጋ በመሆኑ ነው።

ላፕቶፕና ታብሌት ወደ ተማሪው እጅ በገቡ ጊዜ ግን ይኸው የመጽሐፍ ደንብ ብዙም ሳይሻሻል ተሸጋገረላቸው። በተለያዩ አገሮች ለተማሪና ለወላጅ ፊርማ የሚቀርቡት የአደራ ውሎች ሲመረመሩ ይዘታቸው ተቀራራቢ ነው። ከመሣሪያው አጠገብ ምግብና መጠጥ አይቅረብ፤ ለሌላ ሰው አይዋስ፤ ያልተፈቀደ ፕሮግራም አይጫን፤ የተገጠመው ማገጃ አይነካ፤ ሲጠፋ ወይም ሲሰበር ወዲያው ይነገር፤ ዋጋውም ይከፈል ይላሉ። እያንዳንዱ ትእዛዝ ለብቻው ሲታይ ተገቢ ነው። ጉድለቱ የሚገኘው በጠቅላላው ውል ላይ ነው። ውሉ ተማሪው ማድረግ የሌለበትንና የሚከፍለውን ይዘረዝራል እንጂ መሣሪያውን በምን አኳኋን እንደሚጠብቅ፣ ማን እንደሚያስተምረውና ሲቸግረው ማን እንደሚያግዘው አይናገርም። ስሙ የአደራ ውል ይባል እንጂ በይዘቱ የዕዳ ሰነድ ነው።

በአደራና በዕዳ መካከል ያለው ልዩነት ቀላል አይደለም። ባለአደራ ዕቃውን ያውቀዋል፤ ጉዳት ሲደርስበት ወደ ሰጪው ሄዶ ይናገራል። ባለዕዳ ግን ከአበዳሪው ዓይን ይሸሻል። የትምህርት ቤት ደንብ ከሁለቱ የትኛውን ዓይነት ተማሪ እንደሚያፈራ መመርመር ያስፈልጋል።

2. ባለቤትነት ብቻውን ጥንቃቄን ያስገኛልን?

ከዕዳው ሰነድ ተቃራኒ የሆነ አስተሳሰብም ተሞክሯል። በኒኮላስ ኔግሮፖንቴ መሪነት የተመሠረተውና «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» በሚል ስም የታወቀው እንቅስቃሴ ካስቀመጣቸው አምስት መመሪያዎች አንዱ መሣሪያው የልጁ የራሱ ይሁን የሚል ነበር። ልጁ ባለቤት ሲሆን የመጠበቅ፣ የመንከባከብና ለሌላው የማካፈል ግዴታ አብሮ እንደሚመጣ ታመነ። መሣሪያውም ለዚሁ ታስቦ የተሠራ ነበር። የፊደል ገበታው አቧራና ውሃ እንዳያስገባ በጎማ የተሸፈነ፣ ገጹ በፀሐይ ብርሃን የሚነበብ፣ አካሉ በጥቂት ብሎኖች የሚፈታ ሲሆን ተጠባባቂ ብሎኖች እንኳ በውስጡ ተቀምጠውለት ነበር።

በኢትዮጵያ ከ5,000 የማያንሱ እንዲህ ያሉ ላፕቶፖች እ.ኤ.አ. በ2008 በኢትዮጵያና በጀርመን ትብብር ይካሄድ በነበረው የምህንድስና አቅም ግንባታ ፕሮግራም አማካይነት በአዲስ አበባና ከከተማ ውጭ በሚገኙ ጥቂት ትምህርት ቤቶች ታደሉ። ሙከራውን የተከታተሉ ጥናቶች ያሳዩት ሁለት ገጽታ ነው። በአንድ በኩል እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት ላፕቶፑን የተጠቀሙ ልጆች በረቂቅ የማመዛዘን ፈተና ካልተጠቀሙት የተሻለ ውጤት ማግኘታቸውን ገለጸ። በሌላ በኩል ግን መሣሪያው ልጆችን ከትምህርቱ የሚያዘናጋ ሆኖ ያገኙት መምህራን በክፍል ውስጥ እንዳይከፈት እስከ መከልከል ደረሱ። ልጁ ባለቤት ሲሆን መምህሩ ለመሣሪያው በቂ ዝግጅት አላገኘም ነበር። በመሆኑም በክፍሉ ውስጥ ስለ አያያዝ የሚያስተምር አዋቂ ታጣ።

በፓራጓይ የካኩፔ አካባቢም እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በመጀመሪያው ዙር 4,000 ላፕቶፖች ተሰጥተዋል። ሞርጋን ኤምስ የተባሉት አሜሪካዊት ተመራማሪ ይህንኑ ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳመለከቱት፣ ገጻቸው፣ የፊደል ገበታቸው ወይም ቻርጀራቸው የተበላሸባቸው ልጆች ቤተሰቦች የመለዋወጫውን ዋጋ መክፈል ስለሚያዳግታቸው ብዙ መሣሪያ እንደ ተሰበረ ቀርቷል። እዚህ ላይ ልጁ ባለቤት መሆኑ የጎደለውን መለዋወጫ አላስገኘም፤ እንዲያውም የጥገናው ሸክም በድሃው ቤተሰብ ትከሻ ላይ እንዲወድቅ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ2007 ተመሳሳይ ሥራ የጀመረችው ኡራጓይ ግን ለጥገና ራሱን የቻለ ድርጅታዊ አሠራር አቁማለች። ሁለቱ አገሮች ሲነጻጸሩ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። የተማሪ ኃላፊነት የሚጸናው ከጀርባው የጥገና ሰንሰለት ሲኖር ነው።

3. አንድ ድርጊት፣ ሁለት ፍርድ

ደንቦቹ ሁሉ አጥብቀው የሚከለክሉት የተገጠመውን ማገጃ መንካትን ነው። ስለዚህም ጉዳይ ሁለት የታወቁ ምሳሌዎችን ጎን ለጎን ማየት ይጠቅማል።

እ.ኤ.አ. በ2012 ከላይ የተጠቀሰው እንቅስቃሴ በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ትምህርት ቤት ላልገቡ ልጆች ከፀሐይ ኃይል መሙያ ጋር ታብሌቶችን ሰጠ። በወራት ውስጥ ልጆቹ እንዳይሠራ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ራሳቸው መክፈታቸውን ኔግሮፖንቴ በኩራት ተናገሩ። ይህ ምስክርነት ከሥራው ባለቤት የተሰጠ በመሆኑ በጥንቃቄ የሚታይ ነው። ቢሆንም ድርጊቱ እንደ ብልህነት ተወድሶ በዓለም ጋዜጦች ተሰራጭቷል። በተከታዩ ዓመት መስከረም ወር በሎስ አንጀለስ 300 የሚሆኑ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በታደሏቸው ታብሌቶች ላይ የተገጠመውን ማገጃ በጥቂት ቀናት ውስጥ ፈቱት። በዚያ ግን ድርጊቱ ጥፋት ተባለ፤ መሣሪያዎቹም ወደ ቤት እንዳይወሰዱ ተከለከለ። በዚያው ጊዜ የጠፋ ወይም የተሰበረ ታብሌት ዋጋ በማን ላይ እንደሚወድቅ በወላጆችና በትምህርት ቤቶች ዘንድ ግልጽ አልነበረም።

የሁለቱም አገር ልጆች ያደረጉት የተዘጋውን መክፈት ነው። በአንዱ ሽልማት፣ በሌላው ቅጣት የተከተለው ድርጊቱ ስለ ተለያየ ሳይሆን አዋቂዎቹ የፈለጉት ስለ ተለያየ ነው። የማገጃውን ምክንያት ያልተነገረው ተማሪ ማገጃውን እንደ እንቆቅልሽ ያየዋል። ታናናሾችን ከማይገባ ነገር ለመጠበቅ፣ የሌሎችን ምሥጢር ለመሸፈን፣ ለትምህርቱ የተገዛውን የኢንተርኔት አገልግሎት ለመቆጠብ የተደረገ መሆኑ ሲብራራለት ግን የሚጠብቀው ነገር ምን እንደሆነ ይረዳል።

ኃላፊነት ከሰጪውም ወገን ይጠየቃል። በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ የሚገኘው የሎወር ሜሪዮን የትምህርት ወረዳ ለተማሪዎች በሰጣቸው ላፕቶፖች ካሜራ አማካይነት ተማሪዎች በቤታቸው ሳሉ ፎቶግራፍ መነሣታቸው እ.ኤ.አ. በ2010 ታውቆ ክስ ተመሥርቶበታል፤ ወረዳውም በዚያው ዓመት 610,000 ዶላር ለመክፈል ተስማምቶ ጉዳዩ አልቋል። ካሜራው የሚከፈትበት አሠራር የተዘረጋው የጠፉ መሣሪያዎችን ለማግኘት ነበር። ንብረት ለመጠበቅ የተዘረጋ ዘዴ ልጅን ከመጠበቅ በላይ ሲሆን አደራው በሰጪው በኩል ፈረሰ ማለት ነው። ተማሪው የሌላውን ፋይል እንዳይከፍት የሚያዝ ደንብ ትምህርት ቤቱም የተማሪውን ገመና እንዳይከፍት በዚያው ወረቀት ላይ መጻፍ ይገባዋል።

4. ፍርሃት የሚያደርሰው ብልሽት

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንደሚባለው፣ የዕዳ ደንብ የመጀመሪያ ውጤቱ መደበቅ ነው። የቻርጀሩ ሶኬት የላላበት ተማሪ በወሬው ቀን ቢናገር ጉዳቱ በቀላሉ ይታረማል፤ ክፍያውን ፈርቶ ዝም ካለ ግን እየነቀነቀ መሰካቱን ይቀጥላል፤ በመጨረሻም ጥገናው ከባድ ይሆናል። ደንቡ ሲሰበር ወዲያው ይነገር ይላል፤ በሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር ግን የሚናገረውን ይቀጣል።

ሁለተኛው ውጤት መቆለፍ ነው። መሣሪያ በሞዴል 19 ገቢ ሆኖ በሞዴል 22 ወጪ ሲደረግ የፈረመ ሰው ተጠያቂ መሆኑ የታወቀ ነው። ርእሰ መምህሩና የንብረት ክፍል ሠራተኛው ለሚደርሰው ጉዳት ከኪሳቸው እንዳይከፍሉ ከሰጉ፣ መሣሪያው በካርቶኑ ውስጥ ሆኖ ቢቀመጥ ይመርጣሉ። ይሁን እንጂ የተቆለፈ መሣሪያ ተጠበቀ ማለት አይደለም። የላፕቶፕና የታብሌት ባትሪ ኃይሉ ተሟጥጦ ለብዙ ወራት ከቆየ ዳግመኛ ላይሞላ ይችላል። በሰኔ ባዶውን የተቆለፈበት ባትሪ በመስከረም ሞቶ ሊገኝ ይችላል። ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ መሣሪያ በግማሽ ያህል ተሞልቶ፣ ተዘግቶ፣ እርጥበትና ሙቀት ከሌለበት ቦታ መቀመጥና በክረምቱም መካከል መፈተሽ ይኖርበታል። ይህን የሚያዝ አንቀጽ ግን በአብዛኞቹ ውሎች ውስጥ አይገኝም።

ይህ ልማድ በአገራችን የቆየ ሥር አለው። በ1997 ዓ.ም. ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሳተላይት ትምህርት በፕላዝማ ቴሌቪዥን መሰራጨት ሲጀምር የተማሪው ድርሻ ማየትና መስማት፣ የመምህሩም ድርሻ በአመዛኙ ማስተዋወቅና ማጠቃለል ነበር። መሣሪያው ከማይነካ ቦታ ተቀመጠ፤ ስለ አጠባበቁም የተማረ ተማሪ አልነበረም። አሁን ግን ሁኔታው ተለውጧል። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በከፊል በኮምፒዩተር ተሰጥቷል። መሣሪያ ይበላሻል ተብሎ እንዳይነካ የተከለከለ ተማሪ ዕድሉን በሚወስነው ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ከመሣሪያው ፊት እንዲቀመጥ ማድረግ የንብረት ጥበቃ ሳይሆን በተማሪው ላይ የሚፈጸም በደል ነው።

5. ደንቡ ምን መያዝ ይገባዋል?

ከዚህ በላይ የተዘረዘረው ተማሪው ግዴታ የለበትም ለማለት አይደለም። የሕዝብ ገንዘብ የወጣበትን ዕቃ የሚያባክን ተማሪ በዝምታ መታለፍ የለበትም። የዕቅድ ባለሙያዎች መሣሪያ ውድ ነው፣ ተጠያቂነት ከላላ ቸልተኝነት ይነግሣል ብለው መሥጋታቸውም እውነትነት አለው። ነገር ግን ተጠያቂነት የሚጠናው ግዴታው ሊማሩት የሚቻል ሥራ ሆኖ ሲጻፍ ነው። ስለዚህ ደንቡ የሚከተሉትን ቢይዝ ይመረጣል።

ሀ) የየዕለቱ ተግባር። መሣሪያውን ዘግቶ በሁለት እጅ መያዝ፤ ክዳኑን ከመክደን በፊት በፊደል ገበታው ላይ እርሳስ ወይም ብዕር አለመቅረቱን ማየት፤ ቻርጀሩን ገመዱን ሳይሆን ራሱን ይዞ መንቀል፤ መብራት ሲጠፋ ከሶኬት ነቅሎ መብራቱ ተመልሶ እስኪረጋ መጠበቅ፤ ወደ ቦርሳ ከማስገባት በፊት ማጥፋት፤ አቧራውን በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ መጥረግ። እነዚህ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፈው የሚቀሩ ሳይሆኑ በመጀመሪያው ሳምንት በክፍል ውስጥ በተግባር የሚታዩና የሚፈተኑ መሆን አለባቸው። ያልተማረውን ተማሪ ማስፈረም ተገቢ አይደለም።

ለ) የጉዳት ደረጃ። በአገልግሎት ብዛት የሚመጣ ድካም፣ በድንገት የሚደርስ ጉዳት፣ በቸልተኝነት የመጣ ጉዳትና ሆን ተብሎ የተፈጸመ ጥፋት ተለይተው ይጻፉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የትምህርት ቤቱ ድርሻ ይሁኑ። ቸልተኝነት በሥራና በምክር፣ ሆን ተብሎ የተፈጸመው ደግሞ በወላጅ ፊት ታይቶ የቤተሰቡን አቅም ባገናዘበ ክፍያ ይታረም።

ሐ) የመናገር ዋስትና። ጉዳቱን በደረሰበት ዕለት ያስታወቀ ተማሪ በማስታወቁ ምክንያት ብቻ እንደማይቀጣ በግልጽ ይጻፍ። በየክፍሉ የሚቀመጥ የብልሽት መመዝገቢያ ደብተር ለዚህ ይበቃል፤ የትኛው ክፍል ቶሎ እንደሚሰበር ለግዥ ባለሙያውም ያስረዳል።

መ) የሰጪው ግዴታ። መለዋወጫ ከመሣሪያው ግዥ ጋር አብሮ ይታቀድ፤ የሚጠግን ሰው ይመደብ፤ በክረምት የባትሪ ፍተሻ የሚያደርግ ሠራተኛ ይሰየም፤ የተማሪው ፋይልና ካሜራ ያለ ግልጽ ምክንያት እንደማይታይ ቃል ይገባ። ጥንቃቄ የተሞላበት አገልግሎት ያደረሰውን ጉዳት ርእሰ መምህሩና የንብረት ክፍል ሠራተኛው ከኪሳቸው እንዳይከፍሉ የአሠራር መመሪያ ይውጣ።

6. ማጠቃለያ

የአንድ ደንብ ጥራት የሚመዘነው በከለከላቸው ነገሮች ብዛት ሳይሆን ባስተማራቸው ልማዶች ነው። አሁን በሥራ ላይ ያለው ዓይነት ውል ከመጽሐፍ ደንብ የተቀዳ በመሆኑ ተማሪውን ከማስፈራራት አልፎ አያስተምርም፤ የባለቤትነት መመሪያውም ብቻውን ሲቆም ከቸርነት አልፎ ጥገና አያስገኝም። ሁለቱም የሳቱት አንድ ነገር ነው። ጥንቃቄ እንደ ንባብና እንደ ስሌት የሚማሩት ሙያ ነው፤ የሚያስተምረውም ሰው አስቀድሞ መሠልጠን ይኖርበታል። ስለዚህ የመሣሪያ አያያዝ በመምህራን ማሠልጠኛዎች ሥርዓተ ትምህርት ውስጥ በተግባር የሚሰጥ ክፍል ቢሆን፣ የትምህርት ቤቱም ውል በዚያ መሠረት ቢጻፍ፣ በመስከረም ከተፈረመው ወረቀት ጋር አብሮ የሚሠራ መሣሪያና የተበላሸውን ሳይፈራ የሚናገር ተማሪ በሰኔ ይገኛሉ። የአደራ ትርጉሙም ይኸው ነው።