ስለ ሞተር ብስክሌት የጉዞ መጽሔት

አንድ ሰው ለጋዜጣ ወይም ለመጽሔት ደንበኛ ሆነ ማለት ገና ያላነበበውን ጽሑፍ አምኖ ገዛ ማለት ነው። መጽሐፍ የሚገዛ ሰው ገልጦ፥ አይቶ፥ መዝኖ ይገዛል፤ ደንበኛ ግን የዓመቱን ዋጋ አስቀድሞ ከፍሎ የሚመጣለትን ይጠብቃል። ስለዚህ ደንበኝነት ከግዢ ይልቅ ቃል ኪዳንን ይመስላል፤ ቃል ኪዳንም ሲሆን ከማን ጋራና ስለ ምን እንደሚገቡት አስቀድሞ መመርመር ተገቢ ነው። ብርሃንና ሰላም ጋዜጣ በ1917 ዓ.ም. መውጣት ከጀመረ ወዲህ ያገራችን አንባቢ ይህን የመሰለ ቃል ኪዳን ከብዙ ጋዜጦችና መጽሔቶች ጋራ ገብቷል፤ አንዳንዱ ጠቅሞታል፥ አንዳንዱም ወረቀት ብቻ አስታቅፎት ቀርቷል።

ዛሬ የምንመረምራቸው መጽሔቶች በሞተር ብስክሌት ሩቅ አገር ስለ መጓዝ ብቻ የሚጽፉትን ነው። ሞተር ብስክሌት ማለት ሕዝባችን ድምጿን ሰምቶ ዶቅዶቄ ብሎ የሰየማት ናት። ከዚህ ወገን የሆኑ አዳዲስ መጽሔቶች በቅርብ ዓመታት በውጭ አገር ተነሥተዋል፤ በእንግሊዝ አገር የተመሠረቱት አድቬንቸር ባይክ ራይደርና ኦቨርላንድ ለምሳሌ ይበቃሉ። ጥያቄያችንም ይህ ነው፤ በሲሬ ከተማ የሚኖር የተማረ ሰው ለእንዲህ ያለው መጽሔት ደንበኛ ቢሆን ምን ያተርፋል፥ ምንስ ይጎድልበታል?

ሲሬን ስንጠቅስ ያለ ምክንያት አይደለም። ሲሬ በአርሲ ደጋ በሰሜን በኩል ያለች ከተማ ናት። ከአዳማ ተነሥቶ በዴራና በኢተያ ወደ አሰላ፥ ከዚያም ወደ በቆጂና ወደ ባሌ የሚዘልቀው ትልቁ መንገድ አይነካትም፤ ከዴራ ወደ ምሥራቅ ገባ ላለ ሰው ትገኛለች። ከግብፅና ከሱዳን ወደ ደቡብ የሚወርደው የውጭ አገር ሞተረኛ ደግሞ ከትልቁ መንገድም ይርቃል። መንገዱ ሰላም በሆነበት ጊዜ የተለመደው ጉዞው በመተማ ገብቶ በጎንደርና በባሕር ዳር አዲስ አበባ መድረስ፥ ከዚያም በሞጆ፥ በዝዋይ፥ በሻሸመኔና በዲላ አድርጎ በሞያሌ መውጣት ነው። ከ4000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የጭላሎን ተራራ በስተ ግራው በሩቁ አይቶ ያልፋል እንጂ ወደ ደጋው አይወጣም። እንግዲህ ሲሬ የምትቆጠረው በእነዚህ መጽሔቶች ካልተጻፈላቸው አገሮች ወገን ነው፤ ያልተጻፈለት ሰው ደግሞ የተጻፈውን ሲያነብ ለመፍረድ ይመቸዋል።

ይህ የጽሑፍ ዓይነት ከየት እንደ መጣ በአጭሩ እንናገር። የምንጠራቸው ዓመታት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። በ1934 ቴሬዛ ዎላክና ፍሎረንስ ብሌንኪረን የተባሉ ሁለት ሴቶች ፓንተር በምትባል ሞተር ብስክሌት ከለንደን ተነሥተው ሰሐራን አቋርጠው በ1935 ኬፕ ታውን ደረሱ። ቴድ ሳይመን የተባለው የእንግሊዝ ጋዜጠኛ ደግሞ ከ1973 እስከ 1977 አራት ዓመት ሙሉ በትራያምፍ ሞተር ብስክሌት ዓለምን ዞረ፤ አገራችንንም አቋርጦ አለፈ፤ በ1979 ያሳተመው የጁፒተር ጉዞዎች የተባለው መጽሐፍም ለብዙ ሞተረኞች እንደ መምህር ሆነላቸው። በ2004 ኢዋን ማክግሬገርና ቻርሊ ቡርማን የተባሉ ሁለት ተዋንያን ከለንደን በምሥራቅ በኩል እስከ ኒውዮርክ፥ በ2007 ደግሞ ከስኮትላንድ ጫፍ በኢትዮጵያ በኩል እስከ ደቡብ አፍሪካ ጫፍ ሄደው ጉዟቸውን በተንቀሳቃሽ ሥዕል ለዓለም አሳዩ። ዛሬ የሚታተሙት መጽሔቶች የእነዚህ ሁሉ ልጆች ናቸው።

ምስጋናውን እናስቀድም። እንዲህ ያሉት መጽሔቶች በመልካም ሲዘጋጁ ሦስት ነገር ያስተምራሉ። መጀመሪያው የዝግጅት ትምህርት ነው። ሰንሰለት መቼ እንደሚጠብቅ፥ ካላማዳሪ በመንገድ ዳር እንዴት እንደሚለጠፍ፥ ካንዴላ ሲቃጠል ምን እንደሚደረግ፥ ጭነት ከኋላ ሲበዛ ፊተኛው ጎማ መሬት መያዙ ለምን እንደሚቀንስ ያስረዳሉ። ይህ ለለንደን ሰው የበዓል ጨዋታ ነው፤ ጎሚስታ በቅርቡ ለማያገኝ የሲሬ ሞተረኛ ግን የእንጀራው ነገር ነው። ሁለተኛው የመሬት ትምህርት ነው። የሞንጎልያ ሜዳና የፓታጎንያ ነፋስ በካርታ ላይ ሲነበቡ ስም ብቻ ናቸው፤ የተጓዘባቸው ሰው ሲጽፋቸው ግን ወደ ልብ ይቀርባሉ። ሦስተኛው የአጻጻፍ ትምህርት ነው። ደኅና ሞተረኛ ጸሐፊ ያየውን በተራ ይጽፋል፤ ዝናብ ሲዘንብ ዝናብ ብሎ፥ ሲወድቅ ወደቅሁ ብሎ። ባገራችን ጽሑፍ ላይ የሚበዛው የቃል ድርደራ ከዚህ ግልጽነት የሚማረው አለው።

ነቀፋው ግን ቀላል አይደለም። ከስሙ እንጀምር። አድቬንቸር የሚለውን ቃል አንዳንዶች ጀብዱ ብለው ይተረጕሙታል። ነገር ግን ጀብዱ በቋንቋችን ለአገር፥ ለወገን ወይም ለተጠቃ ሰው ሲባል የሚሠራ የድፍረት ሥራ ነው፤ ምክንያት የሌለው ድፍረት ጀብዱ አይባልም። ከዚህም በላይ ጀብዱን የሚናገር ሌላ ሰው ነው፤ ራሱ የተናገረው እንደ ሆነ ጉረኛ ይባላል። ፎካሪ እንኳ ቢሆን የሚፎክረው ሥራውን በሚያውቁ ምስክሮች ፊት ነው፤ ያልሠራውን ቢጨምር የሚያሳፍረው አይጠፋም። የመጽሔቱ ሞተረኛ ግን በጎጃም ወይም በቦረና መንገድ የሆነውን በእንግሊዝ አገር ይናገራል፤ በዚያ ስፍራ የጎጃም ወይም የቦረና ምስክር የለም። የዚህ የጽሑፍ ዓይነት ትልቁ ጕድለት ይህ ይመስለናል። ሐሰት ይጻፍበታል ማለታችን አይደለም፤ የተጻፈለት ሰው አንባቢ አይሆንም ማለታችን ነው።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆን የታወቀ ነገር አለ። በኢትዮጵያ ያለፉ የሩቅ ተጓዦች በጽሑፋቸው ደጋግመው የሚያነሡት የመንገድ ዳር ልጆችን ነው፤ ዩ! ዩ! እያሉ ይከተላሉ፥ ገንዘብ ይለምናሉ፥ አንዳንድ ጊዜም ድንጋይ ይወረውራሉ ይላሉ። ይህን ወሬ ሐሰት ነው ብሎ መመለስ አይገባም፤ በእንግዳ ላይ ድንጋይ መወርወር ነውር ነውና ልጆቻችንን ልንቀጣበት ይገባናል። ነገር ግን ልጁን ለጥቂት ሰኮንድ አይቶ ያለፈ ሰው ስለ ልጁ ምን ሊያውቅ ይችላል? እረኛ መሆኑን፥ መንገዱ የከብቶቹም መተላለፊያ መሆኑን፥ በፒስታው ላይ የተነሣው አቧራ የሚያርፈው በእርሱ ላይ መሆኑን አያውቅም። ስሙንም አልጠየቀም። የሞተር ብስክሌቱን ስም ግን ይጽፋል፤ በ2007 የሄዱት ተዋንያን የተቀመጡባት ቢ ኤም ደብልዩ 1170 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ሞተር እንዳላት እስከ ዛሬ በቃል የሚያውቅ ሰው ብዙ ነው።

ሁለተኛው ነቀፋ ይህ ነው። አንዲቱ መኪና በሦስት ስፍራ ሦስት ትርጓሜ አላት፤ መጽሔቶቹ ግን አንዱን ብቻ ያውቃሉ። ለመጽሔቱ ደንበኛ ከሥራ ማረፊያ ናት። በአዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. ክረምት አስተዳደሩ ወንጀልን ለመከላከል ብሎ ልዩ ፈቃድ የሌላቸውን ሞተር ብስክሌቶች ከመንገድ ሲከለክል የጥርጣሬ ዕቃ ሆና ነበር። በገጠር ከተሞች ደግሞ አነስተኛዪቱ ሞተር ብስክሌት ሁለትና ሦስት ሰው አፈናጥጣ ገበያተኛውን ወደ ገበያ፥ በሽተኛውን ወደ ሐኪም ቤት ታደርሳለች። በጭቃ ወራት ነፍሰ ጡር ሴት ከኋላው አስቀምጦ የሚሄድ ወጣት ከየትኛውም የሰሐራ ተጓዥ ያላነሰ ብልሃትና ትዕግሥት ያሳያል፤ ታሪኩ ግን ሥራ ይባላል እንጂ አድቬንቸር አይባልም። ከአሰላ አካባቢ የተነሣው ኃይሌ ገብረ ሥላሴም በልጅነቱ ወደ ትምህርት ቤት በእግሩ ሲሮጥ ማንም ተጓዥ አላለውም፤ ዓለም ያወቀው በሩጫ ውድድር ካሸነፈ በኋላ ነው፤ በ1996 በአትላንታና በ2000 በሲድኒም የወርቅ ሜዳልያ ወስዷል።

ሦስተኛው ነቀፋ የንግድ ነገር ነው። እንዲህ ያለው መጽሔት ከደንበኛው ገንዘብ ሌላ የሚኖረው በማስታወቂያ ነው፤ ማስታወቂያውም ሞተር ብስክሌት፥ ጎማ፥ ካፖርትና ሳጥን የሚሸጡ ሰዎች ነው። አንባቢ ሆይ፥ አንድ ገጽ ስለ አንድ ጎማ ጽናት ሲመሰክርልህ ቀጥሎ ያለውን ገጽ ገልጠህ የማን ማስታወቂያ እንዳለበት ተመልከት።

አሁን ደግሞ ያገራችንን የጉዞ ጽሑፍ እናስታውስ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ወደ ጃፓን የሄዱበትን መልእክት ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን በተባለው መጽሐፋቸው በ1924 ዓ.ም. አሳትመዋል። እርሳቸው የተጓዙት ሊማሩና ወገናቸውን ሊያስተምሩ ነው፤ የጽሑፋቸውም መካከለኛ ነገር የተጓዡ ድካም ሳይሆን የታየው አገር ነው። ሕዝባችንም ሳይጽፍ የኖረበት ሌላ የጉዞ ሥርዐት አለው። ባላ በትር ይዘው በአርሲና በባሌ ምድር በእግራቸው ወደ ድሬ ሼክ ሁሴን የሚሄዱት ተሳላሚዎች፥ ወደ ቁልቢ የሚጓዙትም ምእመናን መንገዱን የሚቈጥሩት ባሳደራቸው ሰው ደጅ ነው። የመሸበት መንገደኛ የእግዜር እንግዳ ነኝ ሲል ደጅ ይከፈትለታል፤ እርሱም በነጋታው የባለቤቱን ስም ይዞ ይሄዳል። የሞተረኞቹ መጽሔት ይህን ሥርዐት ቢማር ግማሹ ጕድለቱ ይቃና ነበር።

ሊቃውንት እንደሚያውቁት መጽሔት ማለት በግዕዝ መስተዋት ማለት ነው። በመስተዋት ፊት የቆመ ሰው በመጀመሪያ የሚያየው ራሱን ነው፤ ከኋላው ያለውን የሚያየው ጥቂት ዘወር ሲል ነው። የሞተር ብስክሌት መጽሔትም እስካሁን ሞተረኛውን በደንብ አሳይቷል፤ ከኋላው የቀረውን አገር ግን በጥቂቱ ነው።

ታዲያ ደንበኛ እንሁን ወይስ እንተው? መጽሔቱን በፖስታ ለማስመጣት የውጭ አገር ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደግሞ ይህ ወጪ እጅግ ከብዷል። ስለዚህ አንድ ሰው ብቻውን ለጌጥ ብሎ ቢያስመጣው ገንዘቡን ይጎዳል። አሥር ወይም ዐሥራ አምስት አንባቢዎች ተባብረው አንድ ቅጂ ቢያስመጡ፥ ወይም በስልክ የሚነበበውን ርካሹን ቢከፍሉና እንግሊዝኛ የሚያውቀው ለማያውቀው ቢተረጕምለት ግን ኪሳራ አይሆንም። ስለ ሰንሰለትና ስለ ጎማ የሚጻፈው ብቻ እንኳ ዋጋውን ይመልሳል።

ነገር ግን እኛ ደንበኛ ሁኑ የምንለው ከዚህ ለሚበልጥ ምክንያት ነው። የዚህ ጽሑፍ ጕድለት የምስክር መታጣት ነው ብለናል፤ ከሲሬ አንድ ደንበኛ ሲገኝ አንድ ምስክር ተገኘ ማለት ነው። ደንበኛ ለአዘጋጁ ደብዳቤ መጻፍ ይችላል፤ ይህ ስፍራ እንዲህ አይደለም፥ ያ ልጅ ስም አለው፥ ከዴራ ወደ ምሥራቅ የሚገባው መንገድ ወዴት እንደሚያደርስ ጠይቁ ብሎ ሊያሳስብ ይችላል። ከዚያም አልፎ መንገዱን በክረምትና በበጋ የሚያውቁት የራሳችን ሞተረኞች ያዩትን በራሳቸው ቋንቋ፥ በአማርኛም በኦሮምኛም፥ ቢጽፉ የተሻለ መስተዋት ይሠራሉ። እስከዚያው ድረስ የሰው መጽሔት ስናነብ እርሳስ በእጃችን ይኑር፤ የተመሰገነውን እናስምርበት፥ የቀረውንም በኅዳጉ እንጻፍበት።