«አንቺ ልጅ፣ መቼ መጡ?» — ስለ ልብ ወለድና ስለ ሰዋስው

ከጥቂት ዓመታት በፊት በምናስተምርበት የመምህራን ማሠልጠኛ አንድ ክፍል እጩ መምህራን አጭር ልብ ወለድ ጽፈው እንዲያመጡ አዘን ነበር። ከቀረቡልን ጽሑፎች አንዱ ስለ አንዲት ወይዘሮና በቤታቸው ስላደገች የሠራተኛቸው ልጅ የሚተርክ ነው። ወይዘሮዋ ልጅቱን ከሕፃንነቷ ጀምሮ «አንቺ» እያሉ ይልኳታል፣ ይቆጧታል፣ አንዳንዴም ያጎርሷታል። ልጅቱ ተምራ መምህርት ትሆንና ከብዙ ጊዜ በኋላ ወደዚያው ቤት ትመለሳለች። ወይዘሮዋ በሩን ከፍተው ሲያይዋት «አንቺ ልጅ፣ መቼ መጡ?» ይላሉ። ታሪኩ እዚያው ላይ ያበቃል።

እኛም ቀይ እስክሪፕቶአችንን አንሥተን «መጡ» የሚለውን ሠረዝን፤ ከበላዩ «መጣሽ» ብለን ጻፍን። በኅዳጉ ላይ «ባለቤትና ማሠሪያ አንቀጽ አልተስማሙም» የሚል ማስታወሻ አክለን ሁለት ማርክ ቀነስን።

ምን እንዳደረግን የገባን ጽሑፉ በክፍል ውስጥ ጮክ ተብሎ ሲነበብ ነው። የሚያነበው ደራሲው ራሱ ነበር፤ ከመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር ሲደርስ እኛ ያረምነውን ትቶ እሱ የጻፈውን አነበበ። ክፍሉ ጸጥ አለ፤ ከኋላ ወንበር አንዷ «ውይ!» አለች። የወይዘሮዋ አንደበት በለመደው «አንቺ» ይጀምራል፤ ነገሩ ሳያልቅ ዓይናቸው ልጅቱ ምን እንደ ሆነች ያያል፤ ግሡ ላይ ሲደርሱ ሳያስቡት ከመቀመጫቸው ይነሡላታል። የታሪኩ ፍሬ በአራት ቃላት መካከል ተቀምጦ ነበር፤ እኛ ግን «ስሕተት» ብለን አወጣነው።

ይህን የምናወሳው «እንግዲህ ደራሲ እንደ ፈለገ ይጻፍ፣ መምህርም እጁን ይሰብስብ» ለማለት አይደለም። እንዲያውም ነገሩን ደጋግመን ስናስበው የደረስንበት ሐሳብ የዚህ ተቃራኒ ነው። ያንኑ ጽሑፍ መለስ ብለን ስናየው፣ ከመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር በፊት ባሉት ሁለት ገጾች ሦስት የስምምነት ጉድለቶች አገኘን። «ወይዘሮዋ ከመደቡ ተነሥቶ ወደ ጓዳ ገቡ» ይላል፤ «ተነሥተው» ማለቱ ነው። «ጎረቤቶቹ ተሰብስቦ ሳቁ» ይላል። «ልጅቱ ዕቃውን አጥባ ስጨርስ ተጠራች» ይላል። እነዚህ ሦስቱ ምንም ትርጉም የላቸውም፤ ከችኮላ የመጡ ናቸው። አራተኛዋ ግን ሙሉ ትርጉም አላት። አንባቢ በሦስቱ ላይ ዝም ብሎ ማለፍን ከለመደ በኋላ በአራተኛዋ ላይ ምን አቁሞት ያስተውላል? ጥፋታችንን አንክድም፤ ነገር ግን ደራሲውም ገዛ ዐረፍተ ነገሩን አስቀድሞ ቀብሮት ነበር። ሆን ተብሎ የተሰበረ ደንብ የሚሰማው ዙሪያው ሳይሰበር ሲቀር ብቻ ነው።

በአማርኛ ይህ ጉዳይ ከሌሎች ብዙ ቋንቋዎች ይልቅ ይከብዳል። ግሣችን ብቻውን ባለቤቱን፣ ጾታውን፣ ቁጥሩን፣ ክብሩን፣ አንዳንዴም ተሳቢውን ተሸክሞ ይሄዳልና። ለዚህ ጥሩ ምስክር የሚሆነን የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ»ን በሮማ ያሳተሙት በ1900 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር በ1908) ነው። እኒሁ ሰው ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ በዚያችው ከተማ በጣልያንኛ የተጻፈ የአማርኛ ሰዋስው መጽሐፍ አሳትመው ነበር። የመጀመሪያው ልብ ወለዳችን ከሰዋስው መምህር እጅ መውጣቱ ለብዙ ተማሪዎቻችን አዲስ ወሬ ሆኖ አግኝተነዋል።

በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ወንድሟን ዋሕድን ፍለጋ ትወጣለች። ይህን በአማርኛ የሚተርክ ሰው ምን እንደሚገጥመው ተማሪዎች እንዲሞክሩት ብናደርግ ጥሩ ልምምድ ነው። ስሟን እየደጋገመ ሊያመልጥ አይችልም፤ በሩቅ መደብ «ሄደ» ወይም «ሄደች» ማለቱ ግድ ነው። («ሄዱ» ብሎ በማክበር ጾታን መደበቅ ይቻላል፤ ግን አንዲትን ወጣት በየመስመሩ «እሳቸው» ማለት ራሱ ሌላ ወሬ ያስነሣል።) ወንድ የመሰለቻቸው ሰዎች «አንተ» ሲሏት፣ ምሥጢሩን የሚያውቀው አንባቢ በልቡ «አንቺ» ይላል። አለባበሷ የሚያታልለው ዓይንን ነው፤ ጆሮን የሚያታልለው ግን የግሡ መድረሻ ነው። እንግዲህ በሌላ ቦታ በግድየለሽነት «እሷ መጣ» የሚል ደራሲ እንዲህ ያለ ታሪክ ሊጽፍ ከቶ አይችልም።

ከዚህ ቀጥሎ የምናነሣው ፊደላችን የማያሳየውን መጥበቅና መላላት ነው። አንድ ተማሪ «ከበደ ዛሬም ይመታል» ብሎ ጽፎልን ነበር። «መ» ከላላ ከበደ መቺ ነው፤ ከጠበቀ ከበደ ተመቺ ነው። በቃል ቢነግረን ኖሮ ጥርጥር አይኖርም። በጽሑፍ ግን ድምፅ የለም፤ ያለው ሰዋስው ብቻ ነው። «ወንድሙን ይመታል» ቢል በአንዲት «ን»፣ «በወንድሙ ይመታል» ቢል በአንዲት «በ» ነገሩ ይለይ ነበር። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ ሲተርከው የሰማ፣ ዛሬም በቅጂ የሚያደምጠው ሰው፣ ድምፅ ለአማርኛ ትረካ ምን ያህል እንደሚሠራለት ያውቃል። ተማሪያችን ግን ወጋየሁን ከጽሑፉ ጋር አያይዞ አይልክልንም።

የጊዜ አገባብም እንዲሁ ነው። «ማሞ ከቤት ሲደርስ ወንድሙ ወጣ» ስንል ወንድሙ አይቶት ሸሸ ብለን እንጠረጥራለን። «ወጥቶ ነበር» ስንል ግን ሁለቱ አልተያዩም። በኋላ በታሪኩ ውስጥ ጠብ ቢነሣ ፍርዱ የሚቆመው በዚህች ልዩነት ላይ ነው። ስለ ሀ፣ ሐና ኀ የሚነሣውን ክርክር ለዛሬ እንለፈው፤ እሱ የሆሄ ጉዳይ ነው፤ ታሪክ ሲያበላሽም እምብዛም አላየንም።

ወጣት ጸሐፍትን ስለ ጉድለታቸው ስንጠይቅ የሚሰጡን መልስ አለ፤ «ሰው እንዲህ ነው የሚያወራው» ይሉናል። መልሱ ለምልልስ እውነት ነው። «ከዚህ» በሚለው ፈንታ «ኸዚህ» የሚል የጎጃም ገበሬ በታሪኩ ውስጥ «ኸዚህ» ይበል፤ ያንን የሚያርም መምህር የሰውየውን አገር ይሠርዝበታል። እናት ሴት ልጇን በፍቅር «አንተ» ብትላት፣ ባላንጣ ወንዱን ሊያዋርድ «አንቺ» ቢለው፣ ይህ ሁሉ ሕያው አማርኛ ነው። ለተራኪው ግን ይህ መልስ አይሠራም። ተራኪው ራሱ በታሪኩ ውስጥ ያለ ሰው ሲሆን እንኳ አነጋገሩ የማንነቱ ምልክት ነው። በበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» (1975 ዓ.ም.) «እኔ» እያለ የሚተርክልን ጋዜጠኛ ነው፤ እንደ ጋዜጠኛም ነው ማውራት ያለበት። የእረኛ ልጅ ቢሆን ሌላ አማርኛ እንጠብቅበት ነበር፤ እሱም ቢሆን ወጥነት ያለው መሆን ይገባዋል።

የሰዋስው መጻሕፍት አላጡንም። የባዬ ይማም «የአማርኛ ሰዋስው» በ1987 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ በማሠልጠኛዎች እጅ በእጅ ሲዞር ኖሯል። የሚጎድለን ደንቡን ከታሪኩ ጋር አገናኝቶ ማንበብ ነው። በሰዋስው ክፍለ ጊዜ «ልጁ መጣ» እያልን፣ በሥነ ጽሑፍ ክፍለ ጊዜ ደግሞ ስለ ጭብጥና ስለ ገጸ ባሕርይ እያወራን፣ ሁለቱን እንደማይተዋወቁ ጎረቤቶች አኑረናቸዋል። ለዚህም ነው ቀይ እስክሪፕቶአችን «መጡ»ን ሲያገኝ ማን እንደ ተናገረው ሳይጠይቅ የሠረዘው።

ከዚያ ወዲህ በበኩላችን የእርማት ልማዳችንን ለውጠናል። በመጀመሪያ ጽሑፉን በእርሳስ ብቻ ይዘን፣ ድምፃችንን አሰምተን እናነበዋለን። ጉድለት ያገኘንበትን ቦታ እናሠምርበትና በኅዳጉ ላይ «ይህን የሚናገረው ማን ነው?» ብለን እንጠይቃለን። መልሱ «ተራኪው» ከሆነ ተማሪው ያርማል። «ገጸ ባሕርይው» ከሆነ ለምን እንዲያ እንዳለ በቃሉ ያስረዳናል። ማስረዳት ካልቻለ እሱም ያርማል። ሥራው ጊዜ ይፈጃል፤ ስልሳ ተማሪ ላለው ክፍል በሳምንት አንዴ እንኳ አይዳረስም። ባልደረቦቻችን ይህን ቢሉን መልስ የለንም።

ለዚያ እጩ መምህር ሁለቱን ማርክ መለስንለት፤ ሦስቱን ጉድለቶች ግን አርሞ እንዲያመጣ ጠየቅነው። በማግሥቱ ያንኑ ወረቀት ይዞ መጣ። «ተነሥተው»፣ «ተሰብስበው»፣ «ስትጨርስ» ብሎ በጥንቃቄ አስተካክሏል። በመጨረሻው መስመር ላይ እኛ በቀይ የጻፍነውን «መጣሽ» ግን ትንሽ ነጭ ወረቀት ቆርጦ ለጥፎበታል፤ በላዩም በራሱ እጅ «መጡ» ብሎ ጽፎበታል።