ውዳሴ ምሳ ዕቃ

የቀትር እመቤት፣ የስድስት ሰዓት ደወል ሙሽራ፣ ፌስታል ተከናንበሽ፣ በላስቲክ ታጥቀሽ፣ በሒሳብና በአማርኛ ደብተር መካከል ወደ ዕውቀት ደጅ የዘለቅሽ ምሳ ዕቃ ሆይ፣ ክብር ይድረስሽ! የመልክእ ደራሲ ስም ጠርቶ ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር እንዲወርድ፣ እኔም ስምሽን ጠርቼ ከክዳንሽ እጀምራለሁ።

ሰላም ለክዳንሽ፤ ጠዋት እናት በመዳፏ መትታ ለዘጋችው፣ ቀትር ላይ ሦስት ጎረምሳ ታግሎ ለማይከፍተው፣ መንገድ ላይ ግን ማንም ሳይነካው በገዛ ፈቃዱ ተከፍቶ ወጡን ለደብተር ለሚያድለው። በቀይ ዘይት የተቀባ የቤት ሥራዬን መምህሩ በሁለት ጣት አንጠልጥለው ለክፍሉ ሲያሳዩ፣ የዕለቱ ርእስ ማካፈል ነበር።

ሰላም ለሆድሽ፤ ጠዋት ጎን ለጎን የገቡ ፍርፍርና ድንች ቀትር ላይ አንድ አካል ሆነው ለሚነሡበት። ማካሮኒ ያደረብሽ ዕለትማ ሲገለብጡሽ ማዕዘንሽን ሳያጓድል፣ ያንቺኑ መልክ ይዞ ቀጥ ብሎ ይቆማል።

በዐቢይ ጾም የትዕግሥት መምህርት ነበርሽ። 55 ቀን ሽሮ! (ቅዳሜና እሑድም አላመለጥነውም፤ ቤት ይጠብቀን ነበር።) ገና ሳትከፈቺ በሽታሽ እናውቅሻለን፤ ቢሆንም ጎንበስ ብለን እናያለን። የፋሲካ ማግስት ከ12ቱ የዶሮ ብልት ለኔ የሚደርሰኝ ክንፍ ነው። እንቁላል የደረሰው ልጅ ግን ያን ቀን ዘመድ ይበዛበታል፤ ሲያኮርፈው የከረመው ሁሉ «ወንድሜ» እያለ ይከበዋል።

ከሁሉ የማደንቅልሽ ግን ምስጢር አለመቻልሽን ነው። ደመወዝ መግባቱን፣ ወር መርዘሙን፣ እንግዳ ማደሩን፣ እናት ታማ አባት ማብሰሉን (ጨው!) ለመላው ክፍል አውጀሻል። ባለ ሦስት ደርቧ እኅትሽ ጥብስ ተሸክማ ስትደርስ፣ ከማርጋሪን ዕቃነት ወደ ምሳ ዕቃነት የተሾመችው ደግሞ እንጀራ በበርበሬ ይዛ ከች ትላለች። የኛ ሸንጎ ግን ሕግ ነበረው፦ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይከፈታል፣ ሁሉም በአንድ ላይ ይገለበጣል። ከዚያ ወዲያ ጥብሱ የማን፣ በርበሬው የማን ብሎ የሚመረምር የለም፤ አፍ ሙሉ ነው። ሕጉን ሽሽት በዕረፍት ሰዓት ከሽንት ቤት ጀርባ ብቻውን የበላውን ልጅ ዛሬም የምናስታውሰው በዚያው ነው፤ ሐኪም ሆኗል አሉ።

ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ቁርስና ምሳ ይቀርባል፤ የሀብታምም የድኻም ልጅ ከአንድ ድስት ይጎርሳል። ባንቺ ስም ቅር ሊለኝ ሞክሮ ነበር፤ ቅናቱ በለጠብኝ። እኛ በሸንጎ ላጸደቅነው ሕግ ከተማው በጀት ያዘለት።

ሰላም ለባዶነትሽ፤ ማንኪያ በሆድሽ እየተንኳኳ መምጣታችንን ከሩቅ ለሚያበሥረው። እናት ስለ ፈተና አትጠይቅም፤ ተቀብላ ነቅነቅ ታደርግሻለች። ዝም ካልሽ ወዮልን! ከ100 ሠላሳ ያመጣ ልጅ በዚያ ቤት እራቱን ይበላል፤ ማንኪያ የጣለ ግን የትምህርት ቤቱን ዘበኛ ሊለማመጥ ይመለሳል። ማንኪያዋ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የምትገኘው ከጎረቤት ልጅ ምሳ ዕቃ ውስጥ ነው፤ የሱ እናት ደግሞ «የናንተው ናት፣ የኔስ የታለች?» ብለው በር ላይ ይጠብቁናል።