ርካሽ ስለ ተባለው ገመድ አልባ መረብ

ገጠሩን በርካሽ የገመድ አልባ መሣሪያ ማገናኘት ይቻላል የሚለው ሐሳብ በብዙዎች ዘንድ ይወደሳል። ሐሳቡ መሠረት የሌለው አይደለም። በኔፓል ማሀቢር ፑን የተባሉ መምህር አንቴናዎችን በዛፍ ላይ ሳይቀር እያሰቀሉ የተራራ መንደሮችን አገናኝተዋል፤ ስለ ሥራቸውም እ.ኤ.አ. በ2007 የማግሳይሳይን ሽልማት ተቀብለዋል።

ይሁን እንጂ አወዳሾቹ የሚያሰሉት የመሣሪያውን ዋጋ ብቻ ነው። ይህ ሞገድ ግርዶሽ አይወድም፤ ሁለቱ አንቴናዎች መተያየት አለባቸው። ቢቸናና ሞጣ ሁለቱም 2500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ቢገኙም፣ በቀጥታ ላይተያዩ ይችላሉ። እንግዲህ ጫፉ ከ4000 ሜትር በሚያልፈው በጮቄ ተራራ ትከሻ ላይ ማቀባበያ ጣቢያ ሊቆም ነው። በክረምቱ ጭጋግ የፀሐይ ኃይሉ ሲደክም ባትሪውን ማን ይለውጣል? ፈቃዱንስ ማን ያወጣል?

ጥያቄው ቀላል አይደለም። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። ሆስፒታልና ጤና ጣቢያዎች የራሳቸው የአካባቢ መረብ ቢኖራቸው፣ የውጭው መስመር ቢቋረጥም የበሽተኛ ማስረጃ እርስ በርሳቸው ለመለዋወጥ ባልተቸገሩ ነበር።

ስለዚህ በእኔ ግምት ከመሣሪያው አስቀድሞ ጠጋኙ ሊታሰብ ይገባል። የቢቸና ወይም የሞጣ ልጅ ሊጠግነው የማይችል መረብ በነፃ ቢሰጥም ውድ ነው።