ጾታን ሰውሮ ሃይማኖትን መግለጥ፦ የምስክርነት ድፍረት በ«ጦቢያ»

በልቦለዶቻችን ውስጥ ሃይማኖት ሲነሳ ሐያሲው አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩረው በቤተ ክህነት ላይ ነው፤ በቄሱ፣ በደብተራው፣ በግዝቱ። ተራው ምእመን በዕለት ኑሮው እምነቱን ለማያምን ሰው ለመግለጽ የሚያስፈልገው ድፍረት ግን እምብዛም አልተጠናም። ሆኖም የመጀመሪያው የአማርኛ ልቦለድ፣ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ የታተመው የነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ በኋላ «ጦቢያ» በሚል ስም የታወቀው፣ ሴራው የሚፈታው በዚሁ ጉዳይ ነው።

ታሪኩ የታወቀ ስለሆነ ፍሬ ነገሩን ብቻ እናስታውስ። ክርስቲያኑ የጦር አለቃ በአረመኔው ንጉሥ ጦር ድል ሆኖ ይማረካል፤ አንድ ነጋዴ ቤዛውን ይሰጣል፤ ልጁ ዋህድ ውለታ ሊመልስ ወጥቶ በባርነት ይጠፋል። መንትያ እህቱ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ፍለጋ ትወጣና በአረመኔው ንጉሥ እጅ ትወድቃለች። የንጉሡ ዘመድ የሆነች ልጅ ወንድ መስላት ትወዳታለች። ኋላ የጦቢያ ማንነት ይገለጣል፣ ንጉሡ ይጠመቃል፣ ሠርግ ይሆናል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ጦቢያ ምን ደበቀች፣ ምንስ ሳትደብቅ ቀረች የሚለው ነው። በባዕድ ቤት ሴትነቷን ትሰውራለች፤ ክርስቲያንነቷን ግን አትሰውርም። ጦርነቱ በክርስቲያንና በአረመኔ መካከል እንደ መሆኑ፣ ብልጠት ቢሆን ኖሮ መደበቅ የነበረበት ሁለተኛው ጭምር ነበር። የጋብቻው ነገር ሲመጣ ደግሞ የሃይማኖት ልዩነት እንቅፋት ሆኖ ይነሳል። ይህ ምክንያት እውነት ነው፤ ነገር ግን ሌላውን እውነት፣ ሙሽራው ሴት መሆኑን፣ የሚሸፍን መጋረጃም ነው። በእኔ አስተያየት የልቦለዱ ጥንካሬ ያለው በዚህ ድርብነት ላይ ነው። ምስክርነቱና ፍርሃቱ በአንድ አፍ ይወጣሉ።

ከገድላቱ ጋር ስናስተያየው ልዩነቱ ይጎላል። በገድለ ጊዮርጊስ ሰማዕቱ በነገሥታት ፊት ቆሞ ይከራከራል፣ ይሠቃያል፣ ሞቶ ይነሣል። አፈወርቅ «ክርስቲያን በአረመኔ ንጉሥ ፊት» የሚለውን ጥንታዊ መዋቅር እንዳለ ወስደው የሥቃዩን መሣሪያ አውጥተውታል። በእሱ ቦታ የገባው አብሮ መኖር ነው፤ የንጉሡ ርኅራኄ፣ የቤተ ዘመድ ፍቅር፣ የጋብቻ ወሬ። ጠላት ሲገርፍ «ክርስቲያን ነኝ» ማለት አንድ ነገር ነው። ወዳጅ ሆኖ ሲያስተናግድ ያንኑ መናገር ግን ሌላ ችግር አለበት፤ ቸርነቱን የመናቅ ያህል ሊቆጠር ይችላል። የጸጋዬ ገብረ መድኅን «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» የቆመው በገድሉ ወገን ነው። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በፋሺስቶች የተረሸኑት አቡነ ጴጥሮስ ጳጳስ ናቸው፤ ማንነታቸውን አገር ያውቀዋል፤ ዝም የማለት መሸሸጊያ የላቸውም። ጦቢያ ግን አላት። (ነጋድራስ አፈወርቅ ራሳቸው በዚያ ዘመን ከጣሊያን ጎን መቆማቸውን አንስቶ ልቦለዱን በዚያ መመዘን የተለመደ ነው፤ ከሃያ ስምንት ዓመት በፊት የታተመን መጽሐፍ ግን እንዲህ ማንበብ ያስቸግራል።)

ድክመቱ በፍጻሜው ላይ ነው። ንጉሡ ሲያምን ሕዝቡም አብሮ ክርስቲያን ይሆናል። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ አፄ ዮሐንስ የወሎን ሙስሊሞች በአዋጅ እንዲጠመቁ ሲያስገድዱ አፈወርቅ የአሥር ዓመት ያህል ልጅ ነበሩ፤ የዘመኑ አንባቢ በንጉሥ ፈቃድ የሚለወጥ ሃይማኖት እንግዳ አይሆንበትም። በልቦለዱ ውስጥ ግዳጅ ባይኖርም አካሄዱ ያው ነው። በአንዲት ምርኮኛ የተጀመረው ምስክርነት በቤተ መንግሥት ይጠናቀቃል፤ ድፍረቱ የጦቢያ፣ ፍሬው የሥልጣን ይሆናል።

ይበልጥ የሚያሳዝነው የንጉሡ ዘመድ ጉዳይ ነው። ምስክርነቱ ከማንም በላይ የቀረበው ለእሷ ነው። እምነቱን የምትቀበለው ወንድ መስሎ ከታያት ሰው ፍቅር ጋር አቆራኝታ ሲሆን፣ ያ ሰው ሴት ሆኖ ሲገኝ ፍቅሩ ይፈርሳል። እምነቱስ? ደራሲው ለውስጣዊ ሐሳቧ ሰፊ ቦታ ሳይሰጡ ለመንትያ ወንድሟ ለዋህድ ይድሯታል።