ለዓይን የቀረበ፣ ለእግር የራቀ፦ የመብራት ማማና ጎንቾ

መርከብ አይቶ የማያውቅ የሸዋ ሮቢት አንባቢ በባሕር መብራት ማማ ውስጥ ስለጠፉ ሰዎች የተጻፈ ልቦለድ ይዞ ሲያመሽ ባሕሩ የሳበው አይመስለኝም። የሚይዘው ማማው ለዓይን ቀርቦ ለእግር መራቁ ነው። ብርሃኑን ሁሉም ያያል፤ ከበሩ ጀርባ የሆነውን ግን ማንም አያውቅም።

ለዚህ የምሥጢር ልቦለድ ዘውግ ብዙ ያበረከተው እውነተኛ ክስተት ነው። በታኅሣሥ 1900 እ.ኤ.አ. በስኮትላንድ የፍላናን ደሴቶች ማማ ሦስት ጠባቂዎች ደብዛቸው ጠፋ። ተተኪውን ያመጣችው መርከብ ስትደርስ ሰው የለም፤ የወጥ ቤቱ ዕቃ ግን ታጥቦ ተቀምጧል። ምርመራው ማዕበል ጠራርጎ ወሰዳቸው ብሎ ደመደመ። ዊልፍሪድ ጊብሰን በ1912 ያሳተመው ግጥም ግን ያልተነካ ማዕድና የተገለበጠ ወንበር አገባበት። ዛሬም በሰው አፍ የሚዞረው ወንበሩ ነው። በዚህ አንባቢን መውቀስ ይከብደኛል፤ ማዕበል ተጠያቂ የለውም፣ የተገለበጠ ወንበር ግን ጠቡ ከውስጥ እንደተነሣ ይጠቁማል። ጥቂት ሰዎች፣ አንድ በር፣ ማምለጫ የለም፤ ገዳዩ ካለ ከመካከላቸው ነው።

ሸዋ ሮቢት ያለችበት ይፋት ባሕር የለውም፤ ጎንቾ ግን ነበረው። ከቆላው ወደ አንኮበር በሚያወጣው ተረተር ላይ የነበረው ይህ ስፍራ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የመንግሥት እስር ቤት ነበር፤ ለዙፋን የሚያሰጉ የንጉሡ የሥጋ ዘመዶች የሚጋዙት እዚያ ነው። የሚጠብቃቸው ደግሞ የይፋት ገዥ ወላስማ መሐመድ ነው። ወላስማ የሚለው ስም በ13ኛው ክፍለ ዘመን ይፋትን ከያዘው የሱልጣኖች ሥርወ መንግሥት የመጣ ነው፤ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ከዓምደ ጽዮን ጋር የተዋጋ ቤት ስም የሰሎሞናዊ ልዑላን ዘብ ሆነ ማለት ነው። ከዚህ የተሻለ የልቦለድ መነሻ ከየት ይመጣል? በ1841 የእንግሊዝን ልዑክ መርቶ የመጣው ኮርንዋሊስ ሐሪስ ስለ ጎንቾና ስለ እስረኞቹ መፈታት ጽፏል፤ ብዕሩ ጌጥ ስለሚወድ ግን የእሱንም ወንበር እየለዩ ማንበብ ይበጃል።

ሁለቱ ግን አንድ ዓይነት ምሥጢር አይደሉም። የማማው ጠባቂ የየዕለቱን ውሎ በመዝገብ ስለሚያሰፍር ጥያቄው «ምን ደረሰባቸው?» የሚል ነው። እንደ ጎንቾ ያለው የልዑላን መጋዣ አምባ ጥያቄ «ማን በሕይወት አለ?» ነው፤ መልሱም አገር ይለውጣል። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ1434 ከቀድሞው የልዑላን መጋዣ ከአምባ ግሸን ወርዶ ነው የነገሠው። ሳሙኤል ጆንሰን በ1759 ባሳተመውና ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ በመለሰው «ራስ ሴላስ» የልዑላኑን ግዞት ወደ ምቹ ሸለቆ አውርዶ ለፍልስፍና ተጠቀመበት፤ ፍርሃቱ በዚያው ቀረ።

ጎንቾን ወደ ምሥጢር ልቦለድ ሊያመጣ የሚነሣ ጸሐፊ ተራኪውን ከእስረኞቹ መካከል ባይመርጥ እላለሁ። ቁልፍ ያዡ ይበልጣል፦ የወላስማ ሰው፣ ከታች አርጎብኛ ከላይ አማርኛ የሚያወራ፣ የንጉሡ ጤና በተናጋ ቁጥር የትኛውን ልዑል ከወዲሁ በአክብሮት ማብላት እንዳለበት የሚያሰላ።